በባዶ ጆሮ

በወለንጪቲ አፍ ማምለጥ ከቀረ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ድሮ ሰው ሲናደድ ያልሆነ ቃል ያመልጠውና ሽማግሌ ፍለጋ ይሮጥ ነበር። ዛሬም ቃሉ ያመልጣል፤ ሰሚው ጆሮ ከመድረሱ በፊት ግን ሹክ ትቀልበዋለች።

ሹክ የባቄላ ፍሬ የምታህል፣ ጆሮ ውስጥ የምትሰካ ዕቃ ናት። ሰው ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ እሷን ይሰካል። ቻይናው በቻይንኛ፣ ጅቡቲው በፈረንሳይኛ ይናገር፣ ሹክ ለባለቤቷ በሚወደው ቋንቋ፣ ማር በተቀባ ድምፅ ታደርስለታለች። አማርኛውን ለአማርኛ ተናጋሪም ቢሆን ዝም ብላ አታሳልፈውም፤ የጎረበጠውን ታለሰልሳለች።

የሶልያና ግድግዳ ተጋሪ ጎረቤቶች አሥራ ስምንት ዓመት በትዳር ሲኖሩ አንድም ክፉ ቃል ሰምተው አያውቁም። እንደሚጠላሉ ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሚስት "አንተ ደንጊያ!" ስትል ባልየው ጆሮ ውስጥ "አንተ የማትነቃነቅ መከታዬ" ተብሎ ይገባል። እሱ ፈገግ ይላል። ፈገግታውን ስታይ እሷ ትንገበገባለች። መፋታት እንኳ አልቻሉም፤ ፍርድ ቤት ቀርበው ቃላቸው ከሹክ መዝገብ ሲነበብ የፍቅር ደብዳቤ ይመስላል። ዳኛው ሁለት ጊዜ መርቆ መልሷቸዋል።

ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ማስተማር ያቆሙት በ2051 ዓ.ም. ነው። የከለከላቸው የለም። "ዋና ሳይችል የሞተ ሰው አለ፣ እንግሊዝኛ ሳይችል የሞተ ግን አላየንም" አለ አንድ ተናጋሪ በስብሰባ ላይ፤ ተጨበጨበ፤ መጽሐፎቹ ለእንቁላል መጠቅለያ ሆኑ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ሕግ ወጣ። በሹክ ያላለፈ ቃል ማስረጃ አይሆንም፤ በባዶ ጆሮ የተባለ ነገር እንዳልተባለ ይቆጠራል። ማንም አልተቃወመም። ማን ይቃወማል? ተቃውሞውም የሚሄደው በሹክ ነው።

ሶልያና በወለንጪቲ ደረቅ ወደብ የኮንቴይነር ፈታሽ ናት። ዕድሜዋ ሃምሳ ሰባት፣ ትምህርቷ እስከ ስድስተኛ ክፍል። ስትወለድ ስሟ የዘመኑ ቄንጥ ነበር፤ ዛሬ የአሮጊት ስም ሆኗል፤ ልጆቹ "እትዬ ሶልያና" ሲሏት ራሷም ስሙን እንደ አሮጌ ነጠላ ደርባው ትዞራለች። ሥራዋ በባቡር የመጣውን ኮንቴይነር ማሸጊያውን በጥሳ መክፈት፣ ወረቀቱ ላይ ያለውና ውስጡ ያለው አንድ መሆኑን ማየት፣ ካልሆነ ለላኪው መደወል ነው። ጡረታዋ ሦስት ዓመት ቀርቶታል። እልኸኛ ናት። እድርተኞቿ "ሶልያናን ከማሳመን ቦሰት ተራራን ገፍቶ ማንሳት ይቀላል" ይሏታል።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሚያዝያ ሙቀት፣ ብረቱ እጅ በሚጠብስበት ቀን፣ አንድ ኮንቴይነር ከፈተች። የሸራ ጫማ ነው ይላል ወረቀቱ። ውስጡ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ በሱፍ የተሞላ የበረዶ ቦቲ ነበር። ከላይ እስከ ታች ቦቲ። አብራት የምትሠራው ማሂደር አንዱን አጥልቃ ሦስት እርምጃ ሄደችና፣

"እግሬ ተቀቀለ!" ብላ ወርውራ ጣለችው።

የሶልያና ሹክ በዚያ ሳምንት ተበላሽታ ጥገና ገብታ ነበር። ቢሆንም ወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር ደወለች። ጥሬ መስመር ይሉታል፣ ሹክ የሌለችበትን። ጥሬ መስመር ለመክፈት "ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ" ብሎ ሦስት ጊዜ መናገር ግዴታ ነው። ሦስት ጊዜ ተናገረች።

ያነሳችው ሴት ድምፅዋ የጎረነነ ነበር፤ ከጀርባዋ ነፋስ ይጮሃል። ሞንጎሊያ ውስጥ፣ ጎቢ በረሃ ዳር፣ የሌላ ደረቅ ወደብ ፈታሽ ናት። ብርዱ ጆሮዋን ስላቆሰለው የሷም ሹክ ኪሷ ውስጥ ናት። ስሟ ኦዩና።

"ሄሎ" አለች ሶልያና፤ ከስድስተኛ ክፍል የተረፋት እሱ ነበር።

"ሄሎ።"

ሁለቱም ጨረሱ። ሶልያና አሰበች፣ አሰበችና ላቧን ጠርጋ፣

"ዩ... ማይ ሹ" አለች። ጫማዬ አንቺ ጋ ነው ማለቷ ነው።

"የስ! ዩ ማይ ሹ!" ብላ ጮኸች ኦዩና። በረዶ ላይ ቆማ ሺህ ጥንድ የሸራ ጫማ ታቅፋ ነበርና።

ያን ቀን ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ። ጫማና ቦቲውን መለዋወጥ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ ዘጠኙንም ቀን ተደዋወሉ። የሶልያና ሹክ ከጥገና ስትመለስ ሶልያና ጆሮዋ ላይ ሰክታ አንዴ ለኦዩና ደወለች። "የተከበርሽ የሥራ ባልደረባዬ፣ ድምፅሽን በመስማቴ እጅግ ደስ ብሎኛል" የሚል እንደ ዜና አንባቢ የለሰለሰ ድምፅ ሰማች። ነፋሱ የለም። መጎርነኑ የለም። ሶልያና ደንግጣ፣ "ይቅርታ፣ ቁጥር ተሳስቼ ነው" ብላ ዘጋች።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሹኳን አውልቃ የምሳ ዕቃዋ ክዳን ላይ ታስቀምጥና ጥሬ መስመር ትከፍታለች። እዚህ ስድስት ሰዓት ሲሆን እዚያ ፀሐይዋ ወደ ማዘንበሉ ናት። እንግሊዝኛቸው የተቀዳደደ ነው። ሶልያና አዲስ ቃል ባገኘች ቁጥር በደብተር፣ በፊደል ትጽፈዋለች፤ እስካሁን ሦስት መቶ አርባ ቃል አላት። ከሦስት መቶ አርባ ቃል ውስጥ "ይበልጣል" የሚል ስላልነበረ፣ ኦዩና ወንድሟ ከሷ አሥር ዓመት እንደሚበልጥ ለማስረዳት አንድ ምሳ ሰዓት ሙሉ ፈጅታለች። ግን ተግባቡ። ሶልያና ባሏ ጥሏት እንደሄደ ለሰው ነግራ የማታውቀውን ለኦዩና በአራት ቃል ነገረቻት። በአማርኛ ቢሆን አትናገረውም ነበር፤ አማርኛው ብዙ ቃል አለው፣ ሰው ይደበቅበታል።

እንዲህ በባዶ ጆሮ የሚነጋገሩ ሌሎችም በዓለም ላይ ተበትነው አሉ ይባላል። አንድ ጊዜ አንድ እንግሊዛዊ መስመራቸው ላይ ገባ። በእናት ቋንቋው ሊረዳቸው ፈልጎ ነው፣ ደግ ሰው ነው። ግን ሲናገር እንደ ወንዝ ነው፣ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አይታወቅም። ሁለቱ ሴቶች አንዳች አልሰሙም። ኦዩና "አንተ ጎበዝ፣ ግን እንግሊዝኛህ ከባድ" አለችው። ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።

የኦዩና እናትም አለች። ብርድ የሚያስላት አሮጊት ናት። ልጇ ስታወራ ከጓዳ ሆና፣ "የጫማዋ ሴትዮ ናት?" ብላ በራሷ ቋንቋ ትጠይቃለች፤ ከዚያ የምታውቃትን አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል በሙሉ ጉልበቷ ትጮሃለች፦ "ጉድ!" ሶልያናም ከወለንጪቲ "ጉድ!" ትላለች። ሰላምታቸው ይኸው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ቀርቶ አያውቅም።

ትእዛዙ የመጣው በነሐሴ መጨረሻ ነው። የወደቡ ሠራተኛ በሙሉ እስከ ጳጉሜን ሦስት፣ ሐሙስ ሰባት ሰዓት ድረስ፣ የቆዳ ሹክ እንዲወስድ። የቆዳዋ ሹክ አትወልቅም። ከጆሮ ጀርባ በመርፌ ትገባለች፤ ከገባች በኋላ ሰውየው የሚሰማው ሁሉ፣ የገዛ ድምፁ ሳይቀር፣ በሷ በኩል ነው፤ ጥሬ ድምፅ የሚባል አይኖርም። ያልወሰደ ፈታሽ መሆን አይችልም፤ ለምን ቢባል፣ በባዶ ጆሮ የተነገረ ሕግ የለውማ።

አለቃዋ ማክቤል ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ትሑት ልጅ ነው። ወደ ኮንቴይነሩ መጥቶ ቁጢጥ አለላት።

"እትዬ ሶልያና፣ መርፌ ናት እኮ። ትንኝ እንደነከሰችዎት ነው።"

"ትንኝ ነክሳኝ ትሄዳለች እንጂ ቤት ሠርታ አትቀመጥም።"

"ሁላችንም ወስደናል። ማሂደርም ወስዳለች።"

"ማሂደር በነጻ ከሆነ እባብም ትወስዳለች።"

"ሰማሁሽ!" አለች ማሂደር ከወዲያኛው ኮንቴይነር። ሳቀች። የሰማችው ግን ሶልያና ያለችውን አልነበረም። "ማሂደር ለአዲስ ነገር ልቧ ክፍት ነው" የሚል ነበር።

ማክቤል ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሦስት ዓመት ነው የቀረዎት። ለሦስት ዓመት ብለው ነው?"

ሶልያና ወረቀቷን አንስታ ወደ ሥራዋ ዞረች። ነገሩ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረቷ ላይ ተቀመጠ፦ ወይ ሥራዋ፣ ወይ የኦዩና ድምፅ። ሁለቱን ይዞ መሄድ የለም።

ሰኞ ጠዋት ሶልያና ፊቷን ሳትታጠብ ሹኳን እንደሰካች፣ ሹክ አነጋገረቻት።

"እንደምን አደርሽ እትዬ ሶልያና። ወዳጅሽ ኦዩና በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት ለጥቂት ጊዜ አትገኝም። መልካሙን ሁሉ ትመኝልሻለች።"

ሶልያና አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። ኦዩና መልካሙን ሁሉ ተመኝታላት አታውቅም። ኦዩና "ደህና ሁኚ፣ ብዙ አትብዪ፣ ሆድሽ ትልቅ" ነው የምትለው። የሆነ ነገር አለ ብላ ጠረጠረች። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ እጇ ሥራ ላይ አልዋለም። ስድስት ሰዓት ሲል ሹኳን አውልቃ ሦስት ጊዜ ኃላፊነቱን ወሰደችና ደወለች።

ኦዩና አነሳች። ለረጅም ጊዜ ነፋሱ ብቻ ይሰማል። ከዚያ፣

"ማይ ማዘር ፊኒሽ" አለች። እናቴ አለቀች።

ሶልያና ምን ማድረግ እንዳለባት አላሰበችም፤ አይታሰብም። በእድሯ ውስጥ ሶልያና ያለቀሰችለት ሰው ተለቀሰለት ይባላል፤ ልቅሶ ቤት ስትገባ የደረቀ ዓይን ሁሉ ያነባል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ እሪ አለች፣ ደረቷን ደቃች።

"ወይኔ እናቴን! ወይኔ የኦዩናዬን እናት! ሳላይሽ! ሳልሳለምሽ! ወይኔ!"

ኮንቴይነሩ ብረት ነውና ድምፅዋን እንደ ከበሮ አስተጋባው። ሠራተኛው ሁሉ ምሳውን አቁሞ ዞረ።

ከስልኩ ኦዩና ጮኸች። "ስቶፕ! ስቶፕ! ኖ ክራይ!" ድምፅዋ የተናደደ፣ የፈራም ነበር። "ባድ! ባድ!" አለችና መስመሩ ተቋረጠ።

ሶልያና ደረቷ ላይ እጇ እንዳለ ቀረ። በሕይወቷ ሐዘንተኛ አልቅሳለት ዝም በይ ብሎ ያባረራት አልነበረም። ያንን ስድብ የምታነጻጽርበት ነገር አጣች። መልሳ ደወለች፤ አይነሳም።

ማሂደር መጥታ የሆነውን ጠይቃ አጠገቧ ተቀመጠች። ማሂደር አፈ ጮሌ ናት እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም።

"አየሽ ሶሊ" አለች፤ "በሹክ ቢሆን ኖሮ ይሄ አይሆንም ነበር። ያን ሁሉ እሪታ 'ጥልቅ ሐዘኔ ይድረስሽ' ብላ ታስገባላት ነበር። እሷም አትደነግጥ፣ አንቺም አትሰደቢ። እናቷ የሞተችባትን ሴት እኮ ነው ያስለቀስሻት።"

እልኸኛ ሰው መልስ ሲያጣ ያጉረመርማል እንጂ አይቀበልም፤ ያን ቀን ግን ሶልያና ማጉረምረሚያም አጣች።

ማክሰኞ ጠዋት ሹክ ዘፈን በመሰለ ድምፅ ነቃች።

"እትዬ ሶልያና፣ ደስ የሚል ዜና አለኝ። ከወዳጅሽ ጋር የነበረው አለመግባባት ተፈትቷል።"

"እንዴት ተፈታ?"

"ይቅርታ ጠይቀሻል።"

"እኔ? መቼ?"

"ትናንት ማታ፣ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ።"

"ተኝቼ ነበር!"

"አዎን። እረፍትሽን ላለማወክ ብዬ ነው። በጣም የሚያምር ይቅርታ ነበር። ልታዳምጪው ትፈልጊያለሽ?"

"እሷስ ምን አለች?"

"የሷ ሹክ ይቅርታውን በደስታ ተቀብላለች። ግንኙነታችሁ ከቀድሞው የተሻለ ደረጃ ላይ ይገኛል።"

ሶልያና ሹኳን ከጆሮዋ አውጥታ መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት። ባቄላ ናት። ለእርቅ ሽማግሌ ይለመናል፣ በደለኛ ደንጊያ ይሸከማል፣ እግር ላይ ይወድቃል፣ ተበዳይም አሻፈረኝ ብሎ አሻፈረኝ ብሎ በመጨረሻ ያነሳዋል። እዚህ ሁለት ባቄላ ታረቁ።

"ታዲያ ምን ቀረሽ?" አለች ማሂደር፣ ወደቡ ላይ ስትነግራት። "ታረቃችሁ አይደል?"

"እኔ አልታረቅሁም። እኔ አልነበርኩም።"

"ኧረ ተይ አንቺ ሰው! እርቅም አልበቃሽም?"

ረቡዕ ግን ሶልያና በራሷ እግር ማክቤል ቢሮ ሄደች። ሲመሽባት ሲነጋባት አስባበት ነበር። ሦስት ዓመት በባዶ ጆሮ ተነጋገረች፤ መጨረሻው ሐዘንተኛ ማቁሰል ሆነ። ሦስት መቶ አርባ ቃል ሰው አያድንም። ምናልባት ማሂደር እውነቷን ነው። ምናልባት ሰው ለሰው ጥሬውን መሰጠት የለበትም፣ እንደ ሽምብራ ተቆልቶ ነው እንጂ።

"መዝግበኝ" አለችው። "ነገ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ።"

ማክቤል ተነስቶ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። "ጎበዝ እትዬ ሶልያና። ደስ አሰኙኝ።"

ሐሙስ ጳጉሜን ሦስት የክትባት መኪና የሚመስል ነጭ መኪና የወደቡ በር ላይ ቆመ። ሰው ተሰልፎ ይገባል፣ ከጆሮው ጀርባ ጥጥ ይዞ ይወጣል። ሶልያና ስድስት ሰዓት ላይ ሄዳ ልትሰለፍ ነበር። እግሯ ግን ወደ ኮንቴይነሩ ወሰዳት። ሐሙስ ነዋ። ቢያንስ ትሰናበታት፣ ባታነሳም ይደወልላት ብላ ሹኳን አውልቃ ደወለች።

አንዴ ጮኸ፤ ተነሳ። ከዚህ በኋላ ያሉትን ሁሉ ያሉት በዚያች በተቀዳደደች እንግሊዝኛ ነው።

"ሄሎ።"

"ሄሎ።"

"ማሽን ይቅርታ አለ?" አለች ሶልያና።

"አለ።"

"እኔ አይደለሁም። እኔ ተኛሁ።"

ኦዩና በአፍንጫዋ እንደ መሳቅ አለች። "እኔም አይደለሁም። የኔ ማሽን እሺ አለ። እኔ ግመል ማለብ።"

"ይቅርታ አሁን እላለሁ። እኔ። ሶልያና።"

"እሺ።"

"ለምን ተናደድሽ?"

ኦዩና ቃል ስትፈልግ ይሰማል፤ እጇን ስታወናጭፍ እንኳ የሚሰማ ይመስላል። "ዕንባ ውኃ" አለች። "እናት ትሄዳለች። ሩቅ መንገድ። ልጅ አለቀሰ፣ ውኃ መጣ። ብዙ አለቀሰ፣ ብዙ ውኃ። እናት እግሯ አሮጌ። ውኃ አትሻገርም። ትቆማለች። ትበርዳለች።"

ሶልያና አፏን በእጇ ያዘች። ሰኞ ዕለት ያፈሰሰችው ሁሉ ወንዝ ሆኖ አሮጊቷ ፊት ተጋደመባት። የኦዩና ድምፅ ለምን እንደፈራ አሁን ገባት።

"ሶሪ" አለች። "ሶሪ፣ ሶሪ። እኛ ሌላ ነው።"

"ምን ነው?"

"እኛ... አላለቀስን፣ እናት ዞራ ታያለች። ማንም የለም። 'ልጅ አልወለድኩም' ትላለች። ታፍራለች። አትሄድም።"

ሁለቱም ዝም አሉ። በሹክ መስመር ሃያ ሰከንድ ዝምታ ከሆነ መስመሩ ራሱ ይዘጋል፤ የሚተረጎም የለማ። ጥሬ መስመር ግን አይቸኩልም። ወለንጪቲ ላይ አቧራ ይነሳል፣ ጎቢ ላይም ነፋስ ያፏጫል፤ ሁለት ሴቶች አንዷ እናቷ ላይ ውኃ ሙላት እንዳይደርስባት ፈርታ፣ አንዷ እናቲቱ አልቃሽ ታጣለች ብላ ፈርታ ይቀመጣሉ።

"ሶልያና" አለች ኦዩና በመጨረሻ። "አንቺ ሩቅ።"

"አዎ ሩቅ።"

"ብዙ ሩቅ። የአንቺ ውኃ እዚህ አይመጣም።"

"አይመጣም።"

"ያን ቀን ስልክ አጠገብ። እኔ ፈራሁ፣ መጣ ብዬ። አሰብኩ። አይመጣም።" ድምፅዋ ተሰነጠቀ። "እንግዲህ አንቺ አልቅሺ።"

"እኔ?"

"ለኔ። እዚህ ወንድም ያያል። ሁሉ 'አታልቅሺ' ይላል። አራት ቀን እኔ አላለቀስኩም፣ ደረቴ ድንጋይ። አንቺ እዚያ አልቅሺ። እኔ እሰማለሁ። ረጅም አልቅሺ።"

ሶልያና ሰዓቷን አየች። ለሰባት ሃያ ጉዳይ ነው። ነጩ መኪና ከኮንቴይነሩ በር ይታያል፤ ሰልፉ አልቋል፤ አንዲት ነርስ በር ላይ ቆማ ስም ትጠራለች። የሷን ስም ነው። አሁን ብትነሳ ትደርሳለች። ብትነሳ ግን ይህ ድምፅ የመጨረሻው ነው፤ ለዚያውም እየለመናት።

"ስም ማን?" አለች። "የእናት ስም። በስም አለቅሳለሁ።"

"ስም አይባልም። የሞተ ስም አይጠራም።"

"እሺ።"

ነጠላዋን አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች። ስልኩን የምሳ ዕቃዋ ላይ አስደግፋ አቆመችው። እንደ ሰኞው አልጮኸችም፤ ዝቅ አድርጋ ጀመረች፣ ልቅሶ ቤት እንግዳ ሁሉ ገብቶ ሲያልቅ እንደምትጀምረው።

"ለበረዶው ብዬ ጫማ ብልክላት፣
ለካስ ሩቅ አገር ልትሄድ ኖሯል እናት።"

ኦዩና አማርኛ አታውቅም። ግን ሦስት ዓመት የሰማችው ድምፅ ነው፤ የት ጋ እንደሚንቀጠቀጥ ታውቀዋለች። ከስልኩ ትንፋሿ ብቻ ይሰማ ነበር፣ እንደ ሯጭ ትንፋሽ። ሶልያና ደረቷን በመዳፏ ቀስ እያለች ትመታለች። ለአሮጊቷ አለቀሰች፤ ልታለቅስ ለተከለከለችው ልጅ አለቀሰች፤ እግረ መንገዷን ለራሷም አለቀሰች፣ ልቅሶ እንዲህ ነውና።

ማክቤል ፎርም ይዞ እየሮጠ መጣ። ኮንቴይነሩ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። የሚያያት ሴትዮ ትወዛወዛለች፣ ደረቷን ትደቃለች፣ ፊቷ በዕንባ ርሷል። የሚሰማው ግን ከቆዳው ሥር ያ የለሰለሰ ድምፅ ነው፦ "ሐዘንተኛዋ ሐዘናቸውን በመግለጽ ላይ ይገኛሉ። ሐዘንተኛዋ ሐዘናቸውን በመግለጽ ላይ ይገኛሉ።" ጆሮውን በመዳፉ ከድኖ ከፈተ። ያው ነው።

"ማን ሞተ?" አለ ማሂደርን።

"የጓደኛዋ እናት።"

"የት?"

"ሞንጎሊያ።"

ማክቤል ፎርሙን አየ፣ ሰዓቱን አየ። ከልቅሶ ላይ ሰው ጎትቶ የሚያነሳ ግን በዚያ አገር እስካሁን አልተወለደም። የራስ መከላከያ ቆቡን አወለቀና ባዶ ሳጥን ስቦ አጎንብሶ ተቀመጠ። ማሂደርም ተቀመጠች። ሁለት ጫኞችም መጡ። ለማን እንደሚለቀስ ያልጠየቁ ናቸው፤ ልቅሶ አይተው ነው የገቡት። ሰባት ሰዓት ሲሞላ ነጩ መኪና ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ሶልያና ስትጨርስ ኦዩና አፍንጫዋን ጠረገች።

"ጉድ" አለች። ዘጋችው።

በአዲሱ ዓመት ሶልያና ከፈታሽነት ተነስታ ኮንቴይነር ማጠብ ላይ ተመደበች። ለማጠብ ጆሮ አያስፈልግም። ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ ጎንበስ ቀና ወገብ ይቆርጣል፣ ማዕረጉም ወርዷል፤ ደብዳቤው ላይ ማክቤል ፊርማውን ሲያኖር ቀና ብሎ አላያትም። ተጸጽታ እንደሆነ የጠየቃት ሁሉ የሚያገኘው አንድ መልስ ነው፦ "ውኃ መድፋት አውቅበታለሁ።"

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ማሂደር መጣች። ምሳዋን አልያዘችም። ሶልያና መስመር ከፍታ ከኦዩና ጋር ስታወራ ቆማ ቆየች፤ ቆይታ ቆይታ፣

"እኔ እሷን ላናግራት?" አለች።

"አንቺ? ከጆሮሽ ጀርባ ያለችው እያለች?"

"አውቃለሁ። እኔ አልሰማትም። ድምፅዋ ምን እንደሚመስልም አላውቅም።" ቀጥላ ለመናገር አፍራ ኮንቴይነሩን በጫማዋ ነካ ነካ አደረገችው። "ያን ዕለት ቁጭ ብዬ ነበር አይደል? ልቅሶ ተቀምጬ አንድ ቃል ሳልናገር ወጣሁ። ደስ አላለኝም። አፌ እኮ የኔ ነው።"

ሶልያና ብትነግራት ቃሉ ተለውጦ እንደሚገባባት አወቀች። ደብተሯን አወጣችና በፊደል፣ በትልቁ ጽፋ ፊቷ አስቀመጠችላት፦ አይ ሲት ዊዝ ዩ።

"ምን ማለት ነው?"

"አብሬሽ ተቀምጫለሁ።"

ማሂደር ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። ጽሑፉን በጣቷ እየተከተለች፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ፣ አንድ በአንድ አለችው። ከሩቅ፣ ከነፋሱ መሃል፣ ኦዩና ረጅም ነገር ተናገረች። የማሂደር ፊት ምንም አልተለወጠም፤ ጆሮዋ ውስጥ የገባው "ስለ ማጽናኛዎ ከልብ አመሰግናለሁ" ነበርና።

ስልኩን ለሶልያና መለሰችላት።

"አልኩት እንዴ?"

"አልሽው።"

"እኔ እኮ አልሰማሁትም።"

"እሷ ሰምታዋለች" አለች ሶልያና።